ሴል ሲከፈል ምን እንቆጥራለን?

አንድ የሰው ቆዳ ሴል አናፌዝ በሚባለው የክፍፍል ደረጃ ላይ ሳለ ስንት ክሮሞሶም አለው? ብዙ ሰው ሳያመነታ 46 ይላል። መልሱ 92 ነው። ከጥቂት ደቂቃ በፊት፣ ሜታፌዝ ላይ ሳለ ግን 46 ነበር፤ በመሃል ደግሞ ቅንጣት ታህል ዲኤንኤ አልተጨመረም። ይህ ለምን እንደሆነ የገባው ሰው የሴል ክፍፍልን ግማሽ መንገድ ሄዶበታል። ያልገባው ግን ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ እያለ እንደ ዳዊት ቢደግመውም ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣ ይሰናከላል።

ቁልፉ አቆጣጠሩ ላይ ነው። ክሮሞሶም የሚቆጠረው በሴንትሮሚር፣ ማለትም እህት ክሮማቲዶች (የአንድ ክሮሞሶም ሁለት ቅጂዎች) ወገባቸው ላይ በተያያዙበት ቦታ ነው። ሁለቱ ክሮማቲዶች እዚያ ተያይዘው እስካሉ ድረስ አንድ ክሮሞሶም ይባላሉ። በተለያዩባት ቅጽበት እያንዳንዳቸው በራሳቸው ክሮሞሶም ሆነው ይቆጠራሉ። ስለዚህ ቁጥሩ የሚያድገው ሲቀዱ ሳይሆን ሲላቀቁ ነው። ከዚህ ጎን ሌላ ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል፤ እሱም የዲኤንኤው መጠን ነው። በአንድ የወንድ ዘር ሴል ውስጥ ያለውን መጠን 1 ሲ ብንለው፣ ተራ የሰውነት ሴል ከመቅዳቱ በፊት 2 ሲ አለው፣ ቀድቶ ሲጨርስ 4 ሲ ይሆናል። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በእጃችሁ ይዛችሁ ተከተሉ።

ከክፍፍሉ በፊት ያለው ረጅም ጊዜ ኢንተርፌዝ ነው። የቆዩ መጻሕፍት “የዕረፍት ጊዜ” ይሉት ነበር፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ ነው እንጂ ሴሉ በሕይወቱ እንደዚህ የሚደክምበት ጊዜ የለም። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ የሚከፈል የሰው ሴል ብንወስድ፣ ጂ 1 (ከቅጂው በፊት ያለው ጊዜ) ወደ 11 ሰዓት፣ ኤስ (ዲኤንኤው የሚቀዳበት) 8 ሰዓት፣ ጂ 2 (ከቅጂው በኋላ ያለው) ደግሞ 4 ሰዓት ያህል ይወስዳሉ። ለሚቶሲሱ፣ ማለትም ለክፍፍሉ ራሱ፣ የሚተርፈው 1 ሰዓት ገደማ ነው። ሴሎች በመከፈል ፍጥነታቸው የሚለያዩት በአብዛኛው በጂ 1 ርዝመት ነው። ጨርሶ የማይከፈሉት፣ እንደ አብዛኞቹ የነርቭ ሴሎች ያሉት፣ ከዑደቱ ወጥተው ጂ 0 በሚባለው ላይ ይቀመጣሉ። የጉበት ሴል እዚያው ተቀምጦ ይቆይና ጉበቱ ሲጎዳ ወደ ዑደቱ ይመለሳል።

ዲኤንኤ የሚቀዳው በኤስ ብቻ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። አልማ ሃዋርድ እና ስቲቨን ፔልክ የባቄላ ሥር ጨረር የሚረጭ ፎስፈረስ እንዲመገብ አድርገው፣ ፎስፈረሱ ወደ ዲኤንኤው የሚገባው በኢንተርፌዝ መሃል ባለ የተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ መሆኑን አሳዩ። ጂ 1 እና ጂ 2 የሚሉት ስሞች የመጡት ከዚያ በፊትና በኋላ ካሉት ክፍተቶች ነው።

ኤስ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የኋለኛው ጣጣ ሁሉ የሚዘራው እዚህ ነው። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ 6.4 ቢሊዮን ያህል የዲኤንኤ ጥንድ ፊደላት አሉ፤ ተዘርግተው ጫፍ ለጫፍ ቢገጣጠሙ 2 ሜትር ያህል ይሆናሉ። የሚቀዳው ማሽን በሰከንድ 50 ፊደል ገደማ ነው የሚሄደው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢጓዝ 4 ዓመት ይፈጅበታል። ሴሉ ይህን በ8 ሰዓት የሚጨርሰው በአስር ሺዎች ከሚቆጠሩ መነሻዎች ስለሚጀምር ነው፤ ከየመነሻው ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ይቀዳል። ታዲያ ይህን ያህል መነሻ ሲኖር አንዱ ሁለት ጊዜ እንዳይቀዳ ምን ያግደዋል? ፈቃድ የሚሰጠውና ሥራው የሚጀመረው በተለያየ ጊዜ ነው። መነሻዎቹ ፈቃድ የሚያገኙት በጂ 1 ነው፤ ኤስ ከገባ በኋላ አዲስ ፈቃድ አይሰጥም፣ የተጠቀመበትም መልሶ አያገኝም።

ስሕተትም አለ። ቀጂው ኤንዛይም ብቻውን ከ100,000 ፊደል አንዱን ያህል ይስታል። እዚያው ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያርም ስሕተቱ መቶ እጥፍ ያህል ይቀንሳል፤ ከኋላ የሚመጣው የጥገና ቡድን ደግሞ እንደገና ያጣራዋል። በመጨረሻ የሚቀረው ከቢሊዮን ፊደል አንድ ገደማ ነው። ይህን የጥገና ቡድን የሚያበላሽ የዘር ለውጥ የወረሰ ሰው ለደንዳኔ ካንሰር በጣም የተጋለጠ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር ደግሞ አለ። ክሮማቲዶቹ ሲቀዱ ኮሂሲን የሚባል የፕሮቲን ቀለበት ሁለቱን እህቶች አብሮ ያስራቸዋል። ይህን ቀለበት አስታውሱት፤ ደጋግመን እንመለስበታለን። ኤስ ሲያልቅ ቁጥራችን 46 ክሮሞሶም፣ 4 ሲ ነው።

ከዚህ በኋላ ሚቶሲስ ይመጣል። ስሙን ያወጣው ቫልተር ፍሌሚንግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1882። የሳላማንደር ሴሎችን ቀለም ነክሮ ሲመለከት ያየው ክር ስለነበር ከግሪክኛው “ክር” ከሚለው ቃል ወሰደው። አማርኛም እዚህ ላይ አያንስም፤ ክሮሞሶሞቹን የሚስበው የቃጫ አውታር ቅርጹ መሃሉ ወፍሮ ጫፎቹ የሾጠጡ እንዝርት ስለሚመስል እንዝርት እንለዋለን።

በፕሮፌዝ ክሮሞሶሞቹ ይጠቀለላሉ። ተቀድቶ 4 ሜትር የደረሰ ክር በማይክሮሜትር በሚለካ ክፍል ውስጥ እንደተበተነ ቢጎተት ይወሳሰባል፣ ይበጠሳልም፤ ጥቅሉ ለዚህ ነው። በኒውክለሱ ውስጥ ያለው ኒውክሊዮለስ የሚባል ክብ አካል ይጠፋል። በእንስሳት ሴል ሁለቱ ሴንትሮዞሞች (የእንዝርቱ ቃጫዎች የሚመነጩባቸው ማዕከሎች) ወደ ተቃራኒ ጎን ይሄዳሉ። ዕፅዋት ሴንትሮዞም የላቸውም፣ እንዝርቱን ግን ያለሱም ይሠራሉ፤ “ሴንትሮዞም ከሌለ ክፍፍል የለም” የሚለው ትምህርት ስለዚህ አያስኬድም።

የትምህርት ቤት መጻሕፍት በአብዛኛው ከዚህ ቀጥታ ወደ ሜታፌዝ ይዘላሉ። በእኔ ግምት የታሪኩ እምብርት ግን የዘለሉት ፕሮሜታፌዝ ነው። የኒውክለሱ ሽፋን ይፈርሳል፤ ከሁለቱ ዋልታዎች (ከእንዝርቱ ጫፎች) የሚወጡ ማይክሮቱቡሎች፣ ማለትም የእንዝርቱ ቃጫዎች፣ እየረዘሙና እያጠሩ፣ በጨለማ እንደሚዳብስ እጅ ክሮሞሶሞቹን ይፈልጋሉ። የሚይዙት ኪኔቶኮርን ነው፤ ይህ በእያንዳንዱ ክሮማቲድ ሴንትሮሚር ላይ ያለ እጀታ ነው። በሰው ሴል 92 እጀታዎች አሉ። ትክክለኛው አያያዝ አንዱ እህት ከአንዱ ዋልታ፣ ሌላው ከተቃራኒው ሲያያዝ ነው። ፍለጋው በአጋጣሚ ስለሆነ መሳሳቱ አይቀርም። ሁለቱም እህቶች ለአንድ ዋልታ ሊታሰሩ ይችላሉ። አንዱ እጀታ ብቻውን በሁለቱም ዋልታዎች ሊያዝም ይችላል።

ሴሉ የተሳሳተውን የሚያውቀው በውጥረት ነው። ሁለቱ እህቶች በኮሂሲን ስለታሰሩ፣ ከሁለት አቅጣጫ ሲሳቡ ገመዱ ይወጠራል። ለአንድ ዋልታ ከታሰሩ ግን ይላላል፤ አውሮራ ቢ የሚባለው ኤንዛይም የላላውን አያያዝ ፈትቶ እንደገና እንዲሞከር ያደርጋል።

ሜታፌዝ ላይ ክሮሞሶሞቹ በሴሉ ወገብ ይሰለፋሉ። በሥዕል የቆሙ ይመስላሉ፤ በሕይወት ባለ ሴል ግን ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛሉ። እዚህ ላይ ጥብቅ ኬላ አለ። ምንም ያልያዘው እጀታ ሁሉ “ቆይ” የሚል ምልክት ይለቃል፤ ከ92ቱ አንዱ ብቻ ባዶውን ቢቀር ሴሉን ለማቆም ይበቃል። የኬላው ድክመት ደግሞ ከዚሁ ይመነጫል፤ የሚጠይቀው እጀታው መያዙን እንጂ በማን መያዙን አይደለም። ከሁለት ዋልታ የተያዘው እጀታ ባዶ ስላልሆነ ያልፋል፣ አናፌዝ ላይም ክሮሞሶሙ ከሁለቱም ወገን ተጎትቶ መሃል ይቀራል። በካንሰር ሴሎች ለሚታየው የክሮሞሶም ቁጥር መዛባት አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው።

የመጨረሻው ምልክት ሲጠፋ ነገሩ በደቂቃዎች ያልቃል። ኤፒሲ የተባለው የፕሮቲኖች ስብስብ ሴክዩሪን የሚባለውን ፕሮቲን ለጥፋት ምልክት ያደርግበታል፤ ሴክዩሪን አፍኖ የያዘው ሴፓሬዝ የተባለ ኤንዛይም ነጻ ይወጣል፤ ሴፓሬዝ የኮሂሲንን ቀለበቶች ይቆርጣል። እህቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይላቀቃሉ። 46 የነበረው 92 የሚሆነው በዚህች ቅጽበት ነው፣ መጠኑ ግን 4 ሲ እንዳለ ነው። የተቆረጠ ፕሮቲን ተመልሶ ስለማይቀጠል ከዚህ ወዲያ ወደ ኋላ መሄድ የለም። ከዚያ ክሮሞሶሞቹ በደቂቃ 1 ማይክሮሜትር ገደማ እየተጓዙ ወደ ዋልታዎቹ ይሳባሉ፣ ዋልታዎቹም ራሳቸው ይራራቃሉ።

ኮልቺሲን የተባለው ኬሚካል ማይክሮቱቡል እንዳይሠራ ስለሚከለክል ሴሎችን ሜታፌዝ ላይ ያስቆማል፤ ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ታክሶል የተባለው ሌላ የካንሰር መድኃኒት በተቃራኒው የተሠራው እንዳይፈርስ ያደርጋል። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ቃጫዎቹ እንደ ልብ የማይረዝሙና የማያጥሩ እንዝርት ሥራውን መሥራት አይችልም። የሰው ክሮሞሶም በትክክል የተቆጠረውም በኮልቺሲን እርዳታ ነው። ለ30 ዓመት ያህል ሳይንቲስቶች 48 ነው ብለው ሲያስተምሩ ከቆዩ በኋላ፣ ጆ ሂን ትጂዮ እና አልበርት ሌቫን እ.ኤ.አ. በ1956 46 መሆኑን አሳተሙ። ምስጢሩ ሴሎቹን በኮልቺሲን አስቁሞ፣ ጨው በጣም በቀነሰ ውኃ ማሳበጥ ነበር፤ ያን ጊዜ ክሮሞሶሞቹ ሳይደራረቡ ተበትነው ይታያሉ።

ቴሎፌዝ የፕሮፌዝ ግልባጭ ነው፤ ሽፋኑ ይመለሳል፣ ጥቅሉ ይፈታል። ሳይቶፕላዝሙ ሲከፈል የእንስሳት ሴል አክቲንና ማዮሲን በተባሉ ፕሮቲኖች ቀለበት ከውጭ ወደ ውስጥ ይታነቃል። የዕፅዋት ሴል ግድግዳው ግትር ስለሆነ መታነቅ አይችልም፤ ከረጢቶችን መሃል ላይ ደርድሮ ከውስጥ ወደ ውጭ አዲስ ግድግዳ ይሠራል። ይህ ክፍል ሳይሳካ ሲቀር ሁለት ኒውክለስ ያለው ሴል ይፈጠራል። በጉበትና በልብ ጡንቻ ይህ የተለመደ ነገር ስለሆነ ሁልጊዜ በሽታ አይደለም።

ይህን በዓይን ለማየት ከሽንኩርት ሥር የሚሻል የለም። 16 ትልልቅ ክሮሞሶሞች አሉት። ሽንኩርቱን ሥሩ ብቻ ውኃ እንዲነካ አድርጋችሁ ከ2 እስከ 4 ቀን አቆዩት። ሥሩ ከ1 እስከ 3 ሳንቲሜትር ሲደርስ ጫፉን ቁረጡና ሦስት እጅ ኢታኖል ከአንድ እጅ ንጹሕ አሴቲክ አሲድ ጋር በተቀላቀለበት ውስጥ እስከ 24 ሰዓት አኑሩት። ቀጥሎ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ 5 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ይህ ሴሎቹን ያጣበቀውን ማያያዣ ያላላል። አሲዱ ስለሚያቃጥል መነጽርና ጓንት ግድ ነው። በውኃ አጥባችሁ የመጨረሻውን ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ብቻ አስቀሩ፤ አሴቶ ኦርሲን ወይም ቶሉይዲን ሰማያዊ የተባለ ቀለም ጠብ አድርጉበት፤ መሸፈኛ ብርጭቆውን አስቀምጡና በሚመጥጥ ወረቀት ሸፍናችሁ በአውራ ጣት ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑት።

ካልሠራ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ሴሎቹ ሁሉ ረጃጅም ሆነው ክፍፍል ካልታየባቸው ከጫፉ ርቃችሁ ቆርጣችኋል፤ የሚከፈለው ክፍል ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ሴሎቹ ተደራርበው ጥቁር ክምር ከሆኑ አሲዱ ውስጥ የቆየው ጥቂት ነው፣ ወይም የተጫናችሁት በስሱ ነው። በተቃራኒው ሥሩ በመቆንጠጫ ሲነሳ የሚበጣጠስ ከሆነ አብዝታችኋል። ሲጫኑ ብርጭቆው ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሴሎቹ ተጠቅልለው ይበላሻሉ፤ እሱን ጥሎ አዲስ መሥራት ይሻላል።

በ400 እጥፍ ስታዩ የሚያሳስተው በተለይ ሜታፌዝ ነው። ከጎን ሲታይ መስመር ነው፤ ከዋልታው በኩል ሲታይ ግን የተበተነ ክብ ስለሚመስል ብዙ ሰው ፕሮፌዝ ብሎ ይመዘግበዋል። አናፌዝ አያሳስትም፤ ክንዶቻቸው ወደ ኋላ የቀሩ ቅርጾች ፊት ለፊት ሲራራቁ ይታያሉ።

ቆጠራው ራሱ ጊዜን ይነግረናል። ለምሳሌ 400 ሴል ቆጥራችሁ 32ቱ ሚቶሲስ ላይ ቢሆኑ 8 በመቶ ነው። የዑደቱ ርዝመት 20 ሰዓት ከሆነ ሚቶሲሱ 96 ደቂቃ ይወስዳል ማለት ነው። ከ32ቱ 18ቱ ፕሮፌዝ ቢሆኑ 54 ደቂቃ፣ 2ቱ አናፌዝ ቢሆኑ 6 ደቂቃ ይደርሳቸዋል። ስሌቱ ግምት ብቻ መሆኑን አትርሱ። እያደገ ባለ ሥር ውስጥ አዲስ የተወለዱ ሴሎች ስለሚበዙና መከፈል ያቆሙም ስለሚቀላቀሉ ቁጥሩ ትንሽ ይዛባል። ሁለት አናፌዝ ብቻ ቆጥሮ መደምደምም አደገኛ ነው፤ ቢያንስ ከሦስት ሥሮች 1,000 ሴል ብትቆጥሩ ይሻላል።

ሜዮሲስ ላይ፣ ማለትም እንቁላልና የወንድ ዘር በሚሠሩበት ክፍፍል፣ ሁለቱ ቁጥሮች ይበልጥ ይጠቅማሉ። መነሻው ያው 46 ክሮሞሶም፣ 4 ሲ ነው። ከአንደኛው ክፍፍል በኋላ 23 ክሮሞሶም፣ 2 ሲ ይሆናል፤ ከሁለተኛው በኋላ 23 ክሮሞሶም፣ 1 ሲ። በሁለቱ መካከል ቅጂ የለም። ልብ በሉ፣ የክሮሞሶሙ ቁጥር የሚቀንሰው በአንደኛው ነው። በአንደኛው አናፌዝ የሚለያዩት ከእናትና ከአባት የመጡት ጥንዶች ናቸው እንጂ እህት ክሮማቲዶች አይደሉም፤ ሴንትሮሚሮቹ ስላልተላቀቁ ሴሉ ውስጥ ያለው ቁጥር 92 አይሆንም፣ 46 እንደሆነ ይቆያል።

ጥንዶቹ ቀድመው መገናኘት አለባቸው። ረጅሙ የመጀመሪያው ፕሮፌዝ ለዚህ ነው፤ ተፈላልገው ይጣመራሉ፣ ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ልውውጡ ለልጆች መለያየት ይጠቅማል ተብሎ ይነገራል፣ እውነት ነው። ነገር ግን መካኒካዊ ሥራም አለው። የተለዋወጡበት ቦታ ከኮሂሲኑ ጋር ሆኖ ጥንዶቹን ያስራቸዋል፤ ያ ባይኖር ከሁለት ዋልታ ሲሳቡ ውጥረት አይፈጠርም፣ የትኛው ወዴት እንደሚሄድም ዕጣ ይሆናል። በአንደኛው አናፌዝ በክንዶቹ ላይ ያለው ኮሂሲን ይቆረጣል፣ ሴንትሮሚሩ ላይ ያለው ግን ለሁለተኛው ዙር መቆየት አለበት። የሚጠብቀው ፕሮቲን ሹጎሺን ይባላል፤ በጃፓንኛ ጠባቂ መንፈስ ማለት ነው።

የሴቷ እንቁላል ጉዳይ ከዚህ ይነሳል። እንቁላሏ ሜዮሲስን የምትጀምረው ሴቷ ገና ማኅፀን ውስጥ ሳለች ነው፤ ከልውውጡ በኋላ ትቆምና እስክትወጣ ድረስ 12 ወይም 45 ዓመት ትጠብቃለች። ቀለበቶቹ ያኔ የተገጠሙት ናቸው፣ እምብዛም አይታደሱም። ዕድሜ ሲገፋ ይላላሉ፤ ስለዚህም የሦስተኛ 21ኛ ክሮሞሶም (ዳውን ሲንድሮም የሚያስከትለው) ዕድል ከዕድሜ ጋር ይጨምራል፣ በ40 ዓመት ከ100 ወሊድ አንድ ገደማ ይደርሳል።

ስሕተቱ የተፈጠረው በየትኛው ዙር እንደሆነም ከውጤቱ ይለያል። አንድ ጥንድ በአንደኛው ዙር ሳይለያይ ቢቀር አራቱም ውጤቶች የተዛቡ ናቸው፤ ሁለቱ አንድ ትርፍ፣ ሁለቱ አንድ ጉድለት ይኖራቸዋል። በሁለተኛው ዙር በአንዱ ሴል ውስጥ እህቶች ሳይለያዩ ቢቀሩ ሁለቱ ጤነኛ፣ አንዱ ትርፍ ያለው፣ አንዱ ጉድለት ያለው ይሆናሉ። ይህ ከአራቱም የሚበቅል ሲሆን ነው፤ በሴት ሦስቱ ትንንሽ ሆነው ስለሚጠፉ የምትቀረው አንዷ ብቻ ናት።

ባክቴሪያ እንዝርትም፣ ሚቶሲስም የለውም። ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ አንድ ክብ ክሮሞሶሙን ከአንድ መነሻ በሁለት አቅጣጫ ይቀዳል፤ ኤፍቲኤስዜድ የሚባል ፕሮቲን ወገቡ ላይ ቀለበት ሠርቶ ይከፍለዋል። ቅጂው በሰከንድ 1,000 ፊደል ቢሮጥም 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ምግብ ሲሞላለት ግን ባክቴሪያው በየ20 ደቂቃው ይከፈላል። ይህ የሚሆነው አንዱ ቅጂ ሳያልቅ ቀጣዩን ስለሚጀምር ነው፤ የምትወለደው ሴል የልጅ ልጆቿን ክሮሞሶም መቅዳት ጀምራ ትወለዳለች። እዚያ ላይ “ስንት ክሮሞሶም አላት?” ብሎ መጠየቅ ራሱ ያስቸግራል፤ ግማሽ የተቀዳ፣ ሩብ የተቀዳ እየተባለ አይዘለቅም። በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች ስለዚህ ክሮሞሶሙን ትተው መነሻዎቹን ይቆጥራሉ።